ቁልፉ አልገባም ሲል

የመሥሪያ ቤትዎን ወይም የአባትዎን መኪና ለማስነሣት ተቀምጠው ሳለ ቁልፉ ከሞተር ማስነሻው ቀዳዳ አልገባም ቢልዎ ምን ያደርጋሉ? ብዙዎች የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ መግፋት፥ አሁንም መግፋት፥ በመጨረሻም በመዳፍ መምታት። ቁልፉ ከውስጥ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን መሪው እንደ ተቆለፈ ይቀራልና መኪናውን ገፍቶ ከመንገድ ማውጣት እንኳ ጭንቅ ነው። ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ ከኋላ ተቀምጦ ከሆነማ ምን ይባላል!

ቀድሞ ቁልፍ የኤሌክትሪኩን መንገድ ብቻ ይከፍት ነበር፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሌላ መጫኛ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ክራይዝለር ቁልፉን በማዞር ብቻ የሚነሣ መኪና አወጣ። ኋላም የመሪው መቆለፊያ ተጨመረበትና ይህ ትንሽ ቀዳዳ የብዙ ነገር በረኛ ሆነ።

በውስጡ ስስ ዝርግ ብረቶች በደቃቅ ሞላ ተደግፈው ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ እያንዳንዱ ብረት በልኩ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ይዞራል። አንዱ በአቧራ ከተጣበቀ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ቁልፉ የት ላይ እንደ ቆመ ልብ ይበሉ። ከአፉ ከተመለሰ የቀዳዳው ክዳን ተጣሟል ወይም ባዕድ ነገር ገብቷል፤ ከመካከል ከቆመ ብረቱ ተጣብቋል ወይም የቁልፍ ስባሪ አለ። ገብቶ አልዞር ካለ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ መሪውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ እየነቀነቁ ይሞክሩ።

አስቀድመው ቁልፉ የዚያው መኪና መሆኑን ይመልከቱ። አይሣቁ፤ ብዙ መኪና ባለበት መሥሪያ ቤት ቁልፍ ይለዋወጣል። ከዚያ በመስተዋት ላይ አስተኝተው መጣመሙን ይዩ። ትርፍ ቁልፍ ካለ ያስገቡ፤ እርሱ ከገባ ጥፋቱ የቀዳዳው አይደለም። ከቅጂ ላይ የተቀረጸ ቁልፍ ከጓደኛ ጓደኛ ደብተር እንደ ተገለበጠ ማስታወሻ ነው፤ ስሕተቱ በየጊዜው ይጨምራል።

ቁልፉ ደኅና ከሆነ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ስባሪ ከታየ በሌላ ቁልፍ አይግፉት፤ በቀጭን ወረንጦ ይሳቡት። አቧራ ከሆነ ጎሚስታው ነፋስ ይንፋበት። ከዚያ የለስላሳ እርሳስ ዱቄት በቁልፉ ጥርስ ላይ ቀብተው ሳያስገድዱ ያስገቡ፥ ያውጡ፤ በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ያለሰልሳል። የሞተር ዘይት ወይም የወጥ ቤት ዘይት አያፍስሱ፤ ለጊዜው ቢያንሸራትትም አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። በአፉ ዙሪያ አዲስ ጭረት ካዩ ደግሞ ሌባ ሞክሮት ይሆናልና ሳይነካኩ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ መካኒክ ይጥሩ። እርሱም «ጠቅላላው ይለወጥ» ቢልዎ፥ ተፈትቶ ይታጠብ እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የግድ የሚለወጥ ከሆነም አዲሱ በአሮጌው ቁልፍ ልክ ይስተካከል እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ አለዚያ ለበሩ አንድ፥ ለሞተሩ ሌላ ቁልፍ ይዘው መዞርዎ ነው።