ጓሳን የጠበቀ መንዝ ሌሊቱንም ይጠብቅ

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የበልጉ ደመና ገለጥ ሲል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ከቤቱ ደጅ የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር ሰባቱን የትልቁ ድብ ኮከቦች እንደ ጭልፋ ተደርድረው ከፍ ብለው ያገኛቸዋል። እዚያው እንደ ቆመ ወደ ደቡብ ቢዞር ደግሞ የደቡብ መስቀል አራት ኮከቦች ከአድማሱ በላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለንደን የሚኖር ሰው የደቡብ መስቀልን ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ ደጅ አያየውም። ኬፕታውን ያለው ደግሞ ሰባቱን የትልቁ ድብ ኮከቦች በሙሉ አያገኛቸውም። መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ዓመቱን ሙሉ ከሰማዩ የሚሸሸገው በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በዐይን ብቻ የሚታይ ነው። የሚያሻው ጨለማ ነው፤ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ደግሞ ጨለማቸውን ገና አላጡትም። የሰሜን ሸዋ ደጋ የሌሊት ሰማይ እንደ ሣሩና እንደ ቀይ ቀበሮው ሁሉ የአካባቢው ሀብት ተብሎ፣ ሳይበላሽ በፊት ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል። ጥበቃው ባለቤት የሚያገኘው ደግሞ ሰዎች በየደጃቸው ወጥተው ማየት ሲለምዱ ነው።

ከፍታው ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው። የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ የቆመ ሰው የከባቢ አየሩን ሲሶ ያህል ከእግሩ በታች ትቶታል ማለት ነው። የኮከብ ብርሃን የሚያቋርጠው አየር ሲቀንስ፣ አቧራውና እርጥበቱም ሲቀንስ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ጎልቶ ይወጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት የበጋ ሌሊቶች ደግሞ ደረቅና ጥርት ያሉ ናቸው። ዝቅ ያለው የመርሐቤቴ ዓለም ከተማ አካባቢ ይህን ያህል ከፍታ ባይኖረውም ብርዱ ይቀልለታል፤ ረጅም ሰዓት ውጭ ለመቆየት ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ጨለማ እንዴት እንደሚታጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. በ47 ሰዎች ሲመሠረት ሥራው ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚል ትችት ገጥሞት ነበር። መሥራቾቹ ግን አልተበገሩም፤ በ2007 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንጦጦ ላይ ተመረቁ። ለአገሪቱ የሥነ ፈለክ ትምህርት ይህ ትልቅ ምዕራፍ ነበር። እንጦጦ ግን የአዲስ አበባ አናት ነው። ከተማዋ ባደገች ቁጥር ብርሃኗ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደብዛዛ ኮከቦችንም ይውጣል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች ለትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ጨለማ ፍለጋ ዐይናቸውን ወደ ላሊበላ ተራሮች ያዞሩት። መንዝ የዚህ ዓይነት ፍለጋ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጨለማው በእጁ ነው።

መንዞች ሀብት መጠበቅን ከማንም አይማሩም። የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ እንዲያገግም ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ በስምምነት ይከፈትና ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል፣ ያግጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣበታል። ቀን ጭላዳ ያየ እንግዳ ማታ ሰማዩን ቢያይ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ያድራል። የአዳሩ ገንዘብ ደግሞ እዚያው ይቀራል።

አፍሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የቀደመ አለ። የናሚቢያው ናሚብራንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በሕግ ጭምር የሥነ ፈለክ ቦታዎቿን ከብርሃንና ከሬዲዮ ሞገድ መከለል ጀምራለች።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ብዙው የመንዝ ገጠር ገና መብራት እየጠበቀ ነው፤ ልጆች በኩራዝ ሲያጠኑ ስለ ጨለማ ጥበቃ ማውራት ምን ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። መብራት ይግባ፣ በፍጥነትም ይግባ። የሚፈለገው መብራቱ አናቱ የተከደነና ብርሃኑን ወደ መሬት ብቻ የሚጥል እንዲሆን ነው። ቀለሙም ከነጭ ይልቅ ወደ ቢጫ ቢያደላ ይመረጣል፤ የጨለማ ሰማይ ተሟጋቾች ከ3,000 ኬልቪን እንዳያልፍ ይመክራሉ። ወደ ሰማይ የሚረጨው ብርሃን ለማንም መንገድ አያሳይም፣ ቆጣሪውን ግን ያስቆጥራል። ምሰሶው ገና ሲተከል ክዳን ያለው መብራት ማዘዝ ቀላል ነው፤ ከተማው ከሞላ በኋላ አንድ በአንድ መቀየር ግን በጀት ይጠይቃል። ወረዳዎቹ መብራት በሚገዙበት የጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ ብዙው ሥራ ያልቃል።

ሌላም እውነት አለ። በአማራ ክልል በቆየው ግጭት የተነሳ ማታ መንቀሳቀስ የሚያስፈራባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የሰማይ ምልከታ ግን ከግቢ መውጣትን አይጠይቅም። አጥር ውስጥ፣ ከቤቱ ጥላ ሥር፣ ባና ለብሶ ቁጭ ማለት ይበቃል። ውርጩ ከባድ ነው፤ በጓሳ አካባቢ የበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። የመንዝ በግ ጥቁር ሱፍ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ዐይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ስልክ ከተከፈተ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የእጅ ባትሪውን አፍ በቀይ ፌስታል ደረብ አድርጎ በላስቲክ ማሰር ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዐይን እምብዛም አይረብሽም።

ቀጣዩ ደረጃ መነጽር ነው፤ ወታደርና አዳኝ የሚይዙት ዓይነት ተራ ባይኖኩላር። በእርሱ የጁፒተር አራት ትላልቅ ጨረቃዎች ይታያሉ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ሲያያቸው ዓለምን ያናወጡት እነዚያው ናቸው፤ በየምሽቱ ቦታ ሲቀያየሩ በደብተር ላይ በነጥብ ማስፈር ለማንኛውም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚቻል ሥራ ነው። ኅዳር ውስጥ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ የሚታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከጓሳ ጠርዝ ቁልቁል የሚታየው የአፋር ቆላ ነው። እዚያ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ዛሬ ማታ መንዝ የሚደርሰው የአንድሮሜዳ ብርሃን ጉዞውን ሲጀምር እነዚያ መሣሪያ ጠራቢዎች በምድር ላይ ነበሩ ማለት ነው።

በዚያው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ስም ያለው ኮከብ አለ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለኮከቦችና ለፕላኔቶቻቸው ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተብለዋል። ቡና 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ በዐይን ብቻ አይታይም፣ በመነጽር ግን ቦታውን ላወቀ ሰው ይገኛል። ይህን ለሰሜን ሸዋ ልጆች ያሳየ መምህር ትምህርቱ በቀላሉ አይረሳበትም።

ደጋው የራሱ የሰማይ ትምህርትም አለው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በፀሐይና በጨረቃ ዓመት መካከል ያለውን የ11 ቀን ልዩነት በ19 ዓመት ዑደት ሲያስታርቁ፣ አበቅቴና መጥቅዕን ሲያሰሉ፣ ሥራቸው ንጹሕ የሥነ ፈለክ ስሌት ነው። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ብርሃናት አካሄድ ይናገራል፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን ስድስት ስድስት በሮች ይቆጥራል። አሳዛኙ ነገር ይህ ዕውቀት በወረቀት ላይ መቅረቱ ነው። አንድ መሪጌታና አንድ የፊዚክስ መምህር በአንድ ግቢ ቆመው ከመስከረም ጀምሮ ፀሐይ የምትወጣበትን የተራራውን ነጥብ በየሳምንቱ ቢያመለክቱ፣ ነጥቡ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ሲሄድና ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደርሶ ሲመለስ ተማሪው የሄኖክን በሮች በዐይኑ ያያል።

ከጓሮ የሚጀምር ምልከታ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት የአሜሪካው ኦሃዮ የገበሬ ልጅ ሌስሊ ፔልቲየር ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ መስፈሪያ 2 ሳንቲም እየተከፈለው 900 መስፈሪያ እንጆሪ ለቀመ፣ 18 ዶላር አጠራቀመ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዛ። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦችን እየተከታተለ፣ በ1980 እስኪሞት ድረስ ከ132,000 በላይ ምልከታ መዝግቦ ለባለሙያዎች ልኳል። ሳይንቲስቶች ተጠቅመውበታል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የነበረው እርሻ፣ ጨለማና ትዕግሥት ነው። ሦስቱም በመንዝ አሉ።

ለመጀመር የሚመቸው ወር ታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ጌሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ጨረቃ ካልደመቀች ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ እንደ መንዝ ባለ ጨለማ ሥር ቆጠራው በደህናው ዓመት በሰዓት 100 ሊጠጋ ይችላል። ነሐሴ ላይ አውሮፓውያን የሚጓጉለት የፐርሴይድ ዝናብ ለደጋው ክረምት ነውና አይሆነውም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አንድ ቴሌስኮፕና ሁለት መምህራን ለዚያ ሳምንት ወደ መሐል ሜዳ ቢልክ፣ የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲው ክበቦችም ቢታከሉበት፣ የመጀመሪያው የሰሜን ሸዋ የሰማይ ምልከታ ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ እስከ ሶማሊያ ጫፍ ይዘልቃል፤ ኢትዮጵያ በከፊል ታየዋለች። በሰኔ 2012ቱ ግርዶሽ የላሊበላ ሰማይ ብዙ ሰው ሰብስቦ ነበር። የሐምሌ ደመና መንዝን ሊከለክለው ይችላል፣ ግን ደመናው ድንገት ቢገለጥ ልጆች ባዶ ዐይናቸውን ወደ ፀሐይ እንዳያቀኑ ከአሁኑ መታሰብ አለበት። የራጅ ፊልምም ጥላሸት የተቀባ መስታወትም አይከላከልም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የግርዶሽ መነጽር በየትምህርት ቤቱ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ መነጽሩ ካልተገኘ ካርቶን በመርፌ በስቶ የፀሐይዋን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ይህን ደግሞ መምህራኑ ከሰኔ ዕረፍት በፊት ሊያስተምሩት ይችላሉ።