ድምፁ ይታፈን፣ ትንፋሹ ግን ይለፍ

ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው የሒሳብ ደብተሩ ቢገለጥ ወረቀት፣ ቀለም፣ የመብራት ክፍያና ጥገና በየተራ ተጽፈው ይገኛሉ። የማይጻፍ አንድ ወጪ ግን አለ፤ ጩኸት። የኮምፒውተሩ ፋን ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የሚውለው ለደንበኛ ሥራ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከግድግዳው ወዲያ የሚያጠናው ልጅ፣ እንቅልፍ የራቀው ሕፃን፣ ደግሞም ደጋግሞ «ምን አላችሁ?» የሚል አዛውንት ነው። ቢዝነስ ስንማር ይህ «ውጫዊ ወጪ» ይባል ነበር፤ ትርፉን አንዱ ወስዶ ወጪውን ሌላው ሲሸከመው ማለት ነው። በዚህ ወር የማወራችሁ ያንን ወጪ ወደ ደብተሩ ስለሚመልስ አንድ የእንጨት ሳጥን ነው።

ጉዳዩን ያነሣሁት በሮቢት ባለ አንድ ቤት ምክንያት ነው። ሮቢት ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። ታላቅ እህቴ እዚያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ትሠራለች። ቤቱ እንደ ብዙዎቻችን ቤት ነው፤ ፊቱ ሱቅ፣ ኋላው መኖሪያ። መካከሉን የሚለየው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ከኮርኒሱ በላይ ጣሪያው አንድ ነው። ስለዚህ ያገለገለው ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ይጮኻል፣ ድምፁ በኮርኒሱ ላይ ተሻግሮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጇ ደብተር ላይ ይወርዳል። ሙቀቱ ሲበረታ ፋኑ ይፈጥናል፣ ጩኸቱም ይብሳል። የራያ ቆላ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሞቅባቸው የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ወራት ደግሞ ልጆች ለዓመቱ ፈተና የሚያጠኑባቸው ናቸው።

«ይለመዳል» የሚባለው ነገር

ጩኸት ይለመዳል እንላለን። ጆሮ ሊለምደው ይችላል፤ ትምህርት ግን ዋጋ ይከፍልበታል። እ.ኤ.አ. በ1975 አርሊን ብሮንዛፍት የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሥራ አጋሯ ጋር በኒውዮርክ በባቡር ሐዲድ አጠገብ የሚገኝን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥንታ ነበር። በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች በማንበብ ችሎታ በሌላው ወገን ከሚማሩት እኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ላይ ጎማ ተነጠፈ፣ የክፍሎቹም ኮርኒስ ድምፅ በሚመጥ ነገር ተሸፈነ። በኋላ በተደረገው ክትትል ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ።

የኮምፒውተር ድምፅ እንደ ባቡር አይደለም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመማሪያ ክፍል 35 ዴሲቤል፣ ለመኝታ ክፍል 30 ዴሲቤል መክሯል። የአገራችን መሥፈርትም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ያረጀ ፋን ያለው ኮምፒውተር በቅርብ ሲለካ ከነዚህ ቁጥሮች አንዳንዶቹን ያልፋል።

ከሳጥኑ በፊት

መጀመሪያ ምንጩን ይመልከቱ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ከሶኬት ነቅለው፣ በፋኑና በሙቀት ማብረጃው ብረት ላይ የተጋገረውን አቧራ በደረቅ ቡሩሽ ያስጠርጉ። አቧራ የያዘው ማሽን ስለሚሞቅ ፋኑ ሳያርፍ ይሮጣል። የሚንኳኳ ፋን በአዲስ ይቀየር። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ከተተካ ደግሞ አንዱ የድምፅ ምንጭ ጨርሶ ይጠፋል። ማሽኑን ከጠረጴዛው አንሥተው ከአሮጌ ጎማ በተቆረጡ አራት ቁራጮች ላይ ያስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ እንደ ከበሮ ነው፣ ትንሹን ንዝረት ያጎላዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጩኸቱ ካልበረደ ወደ አናጢው እንሂድ።

ድምፅን የሚይዙ ሦስት ነገሮች

አንደኛው ክብደት ነው። ዝቅ ያለውን ጉምጉምታ የሚያቆመው ከባድ ግድግዳ ብቻ ነው። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለዚህ ሥራ ከስስ ኮምፔንሳቶ በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍተትን መድፈን ነው። በጭቃና በእበት የተመረገ ጎተራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ነቀዝ የሚገባበት ስንጥቅ ካለ የምርጊቱ ውፍረት ከንቱ ነው። ድምፅም እንዲሁ ነው። ከሳጥኑ ገጽ መቶ እጅ አንዱ ብቻ ክፍት ቢሆን ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይችልም።

ሦስተኛው ልስላሴ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚንጫጫው ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ለግድግዳ ሲላተም እንዲደክም ውስጡ በለስላሳ ነገር ይለበጣል። ብዙ ሰው እስፖንጅ ይመርጣል፤ እስፖንጅ ግን ቶሎ በእሳት ይያያዛል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ሱፍ እሳትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ሱፍ ደግሞ ከደጋው ሞልቶ ይወርዳል። ያረጀ የበግ ጠጉር ባና ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥፎ ቢለጠፍ ሥራውን በደንብ ይሠራል። በየቦታው የሚመከረው የእንቁላል ካርቶን ግን ክብደትም ጥግግትም የለውም፤ ድምፅ አያቆምም።

ሣሩና ገደሉ

እስካሁን ያልነውን ብቻ ይዞ ሳጥን የሚሠራ ሰው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይደርስበታል። ሣሩ ፀጥታው፣ ገደሉ ሙቀቱ ነው። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። 100 ዋት የሚወስድ ማሽን ማለት አንድ የድሮ 100 ዋት አምፖል ሳጥን ውስጥ አብርቶ በሩን መዝጋት ማለት ነው። አየር ካላገኘ በመጀመሪያ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ በራሱ ይጠፋል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ስለዚህ ለድምፁ የተዘጋው ሳጥን ለአየሩ ክፍት መሆን አለበት። ይህ የሚሆነው መንገዱን በማጠማዘዝ ነው። ፋን የሚገፋው አየር ጥግ ዞሮ ያልፋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን በየጥጉ ሱፍ ላይ እየተላተመ ይደክማል።

ምን ያህል አየር? ቆላ ብንለውም የራያ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሳሳ ያለ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ለእንዲህ ያለው ቦታ የማሽኑን ዋት በ3.6 አባዝተው ሊፈቅዱት በሚችሉት የሙቀት ጭማሪ ያካፍሉ። ለ100 ዋት ማሽን 5 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ብንፈቅድ በሰዓት 72 ሜትር ኪዩብ አየር ያስፈልጋል። ይህን በአንድ ፈጣን ፋን ከማግኘት ይልቅ ባለ 12 ሴንቲሜትር ሁለት ፋኖችን በግማሽ ፍጥነት ማሠራት ይሻላል። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ሁለተኛ ፋን መጨመር የሚመልሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ልክና አሠራር

የእንጨት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብሩን ትቼ መጠኑን ልጻፍ። 122 በ244 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ ይበቃል። የሳጥኑ የውጭ ልክ ጥልቀቱ 78፣ ስፋቱ 42፣ ቁመቱ 62 ሴንቲሜትር ነው። ለሁለቱ ጎኖች 78 በ62፣ ለላይና ለታች 78 በ42፣ ለፊትና ለኋላ 42 በ62 ይቆረጣል፤ አናጢው በመገጣጠሚያው ላይ የእንጨቱን ውፍረት ይቀንሳል። ከተረፈው 38 በ50 እና 38 በ58 የሆኑ ሁለት የውስጥ ግድግዳዎች ይወጣሉ።

አየር የሚገባው በፊት በኩል ከላይ ነው፤ አቧራው ወለል ላይ ስለሚበዛ ከፍ ያለ መግቢያ ይመረጣል። የፊቱ ሰሌዳ አናት ላይ 8 በ30 ሴንቲሜትር ክፍተት ይወጣል። ከሰሌዳው 8 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ባለ 50ው የውስጥ ግድግዳ ከላይ ጀምሮ ይቆማል፤ አየሩ ከኋላው ወርዶ፣ ከታች በቀረው ክፍተት ወደ ኮምፒውተሩ ፊት ይገባል። በኋላ በኩል ባለ 58ው ግድግዳ በዚያው ርቀት ከላይ እስከ ታች ይቆማል፤ አናቱ ላይ ሁለቱ ፋኖች ጎን ለጎን ይገጠማሉ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያው ይይዙትና ወደ ታች ገፍተው፣ ከኋላው ሰሌዳ ግርጌ በሚወጣ ሌላ 8 በ30 ክፍተት ያስወጡታል። በሁለቱ መተላለፊያዎች ውስጥ ባናው ከአንድ ፊት ብቻ፣ ከ2 ሴንቲሜትር ሳይበልጥ ይለጠፍ፤ ከወፈረ መንገዱን ያጠብበዋል።

አንዱ ጎን በማጠፊያ ተይዞ በር ይሁን። የበሩ ዙሪያ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ይከበብ፤ መቀርቀሪያው ጎማውን ጨምቆ የሚይዝ ይሁን። ሌላው መገጣጠሚያ ሁሉ በኮላና በብሎን ይታሰር፣ ስንጥቁ በሲልከን ይደፈን። ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ በሱፍ ይጠቅጠቅ። ፋኖቹ ኃይል ከኮምፒውተሩ ከራሱ ቢወስዱ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ከሳጥኑ ኋላ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተዉ። ሳጥኑ ባዶውን 40 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለሁለት ሰው ነው የሚነሣው።

ሳጥኑ ውስጥ የማይገቡ

ጄኔሬተር በፍጹም። ጢሱ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቦታው ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር የራቀ ነው። ዩፒኤስም ውጭ ይቅር፤ የእርሳስ ባትሪው ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ሌዘር ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽንም ራሳቸው ሙቀት ስለሚያመነጩ ነፃ አየር ይፈልጋሉ።

ስለ ቢትኮይን ማሽን የሚጠይቁ ወጣቶች አይጠፉም። አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የሚባለው 3250 ዋት ይወስዳል፣ 75 ዴሲቤል ይጮኻል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠጋ ኃይል ነው፤ እሱም እንጀራው ካለቀ በኋላ እንደ ምጣዱ አይጠፋም። የጣደ ምጣድ በቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ የለም።

ፈተናውና እንክብካቤው

ሳጥኑ ሲያልቅ በቀኑ ሙቅ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ያሠሩት። አንድ ቴርሞሜትር ውስጥ፣ አንድ ውጭ ያኑሩ። ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ብዙ ካለፈ የፋኑን ፍጥነት ከፍ ያድርጉ፣ መተላለፊያውን የዘጋ ሱፍ ካለም ይቀንሱ። ድምፁን በስልክ መለኪያ ሳጥኑ ሳይኖርና ሲኖር ከአንድ ቦታ ሆነው ያነጻጽሩ። የስልኩ ቁጥር ልክ ላይሆን ይችላል፣ ልዩነቱ ግን ይነግርዎታል። 10 ዴሲቤል ከቀነሰ ለጆሮ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። በየሁለት ሳምንቱ አቧራው ይጠረግ፤ ባናውን ብል እንዳይበላው በየጊዜው ይፈተሽ።

እህቴ ቤት ሳጥኑ ሥራ በጀመረ ቀን የመጀመሪያዋ አስተያየት ሰጪ አማቷ ነበሩ። ከጓዳ ሆነው «ዛሬ ደግሞ መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉ። «መብራትማ አለ እማማ፣ አብሽሩ» አለቻቸው፤ ሳትጮኽ ነው የመለሰችላቸው፣ እሳቸውም ሰሟት። ልጅቱም በሩን ሳትዘጋ አጠናች። እህቴ የኤምዲኤፉንና የአናጢውን ሒሳብ በደብተሯ ከወረቀቱና ከቀለሙ ሥር «የሥራ ወጪ» ብላ ጽፋዋለች። ቦታው እዚያ ነው።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ይግጠመን።