ለታንከር ሠራተኞች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ በዚህ ሙያ አብረን ሸምግለናል፤ አሁን ወጣቶቹ ምክር የሚጠይቁት እኛን ነው። ከጥያ ሆኜ ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ስላስፈራኝ ነው። ታንከር ላይ ወጥቶ፣ ክዳን ከፍቶ በዘንግ መለካት እየቀረ፣ ከግርጌ ከተተከለው የግፊት መለኪያ የሚመጣው ቁጥር ብቻ እየታመነ ነው። ልጆቹ ቢያምኑት አይፈረድባቸውም። እኛ እያወቅን ዝም ካልን ግን ይፈረድብናል።

መሣሪያው የፈሳሹን ከፍታ አያይም። የሚሰማው በላዩ የቆመውን ክብደት ነው፤ ከፍታውን የሚያሰላው ደግሞ እኛ በሞላንለት ዴንሲቲ ነው። 10 ሜትር የቆመ ውሃ ግርጌው ላይ 98 ኪሎፓስካል ያህል ይጫናል። ናፍጣ ከውሃ በ15 ከመቶ ገደማ ስለሚቀል በዚያው ከፍታ የሚጫነው ወደ 83 ብቻ ነው። እንግዲህ ለውሃ የተስተካከለ መለኪያ ናፍጣ ታንከር ላይ ቢገጠም፣ 10 ሜትር ሞልቶ ሳለ ስክሪኑ 8 ሜትር ተኩል ይላል። ሠራተኛውም ገና ቦታ አለ ብሎ ቫልቩን አይዘጋም።

መጋቢት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ ውስጥ በቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ የደረሰውን አደጋ ለልጆቹ ንገሯቸው። እዚያ ይሞላ የነበረው ማማ መለኪያ ስሪቱ ከእኛው ይለያል፤ ፈሳሹ ውስጥ በተንጠለጠለ ተንሳፋፊ የሚሠራ ነበር። ግን እሱም የሚፈርደው በዴንሲቲ ነው፤ የተሞላለት ደግሞ የሌላ ፈሳሽ ነበር። ፈሳሹ እየሞቀ እየቀለለ ሲሄድ፣ መለኪያው ከፍታው ቀነሰ ይል ጀመር። ማማው ውስጥ 48 ሜትር ገደማ ደርሶ ሳለ ስክሪኑ የሚያሳየው 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፈሳሹ ገንፍሎ ተቀጣጠለ፤ 15 ሰው ሞተ፣ 180 ቆሰለ። የሞቱት ሁሉ በአቅራቢያው በቆሙ ጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ የነበሩ የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው። ያንን ስክሪን አንዳቸውም አልተቆጣጠሩትም።

የደጋችንም ጣጣ አለ። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ 101 ኪሎፓስካል ሲጫን፣ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ 80 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከሁለት ሜትር ውሃ ይበልጣል። የአየሩን ግፊት ጨምሮ የሚለካ መሣሪያ ዜሮው ባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ እዚህ ቢተከል፣ ያን ያህሉን ፈሳሽ ይደብቃል። አየሩን ቀንሶ የሚለካው ደግሞ፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚጠልቀው ዓይነት፣ በኬብሉ ውስጥ በምታልፍ ቀጭን ቱቦ ይተነፍሳል። ክረምት እርጥበት ገብቶ ከደፈናት ቁጥሩ ከአየሩ ጋር ይዋዥቃል። ሳጥኑን ከፍታችሁ እርጥበት መምጠጫዎቹን ፍሬዎች እዩ፤ ቀለማቸው ከተለወጠ ይቀየሩ።

መሣሪያውን አልንቀውም። ከጅቡቲ ሙቀት የመጣ ናፍጣ እዚህ ብርድ ላይ ሲኮማተር ዘንጉ ጎደለ ይላል፤ ግፊት ግን ክብደቱን ስለሚይዝ በዚህ አይታለልም። ሁለቱም ይኑሩ የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የቆመ ቁጥር ነው። ዝቃጭ የመለኪያውን መግቢያ ሲደፍን፣ ታንከሩ እየተሞላ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ታኅሣሥ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ በንስፊልድ የነዳጅ ዴፖ ውስጥ፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ የ912 ቁጥር ታንከር መለኪያ ሌሊት ላይ እንዲሁ ቆመ። ቤንዚኑ መግባቱን አላቋረጠም። ሲሞላ መዝጋት የነበረበት የተለየ ማቋረጫም አልሠራም፤ የመፈተሻ እጀታውን በቦታው የሚይዘው ቁልፍ አልተገጠመለትም ነበር። ቤንዚኑ ገንፍሎ ፈነዳ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ያ መለኪያ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ገደማ 14 ጊዜ ቆሞ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ተነካክቶ ሥራው ቀጠለ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። በየሳምንቱ ዘንጉና ስክሪኑ ጎን ለጎን ይመዝገቡ። የሙላት ማቋረጫው ከዚያው መለኪያ ምልክት አይቀበል፤ የራሱ ይኑረው፤ በየጊዜውም ይፈተሽ። የተሞላው ዴንሲቲ ታንከሩ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ናፍጣ የነበረበት ታንከር ቤንዚን እንዲይዝ ሲታዘዝ፣ ቦቴው በር ላይ ቆሞ አለቃ ቢጮህም እንኳ፣ አዲሱ ዴንሲቲ ገብቶ በዘንግ ሳይረጋገጥ አትፈርሙ።