የዝም ያለ ልጅ ፎቶ የማን ነው?

ፎቶ አንሺዎች ከማይሰለቿቸው ምስሎች አንዱ ውሃ ዳር ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ነው። ጉልበቱን አቅፎ፣ ጎኑን ለካሜራው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ሩቅ ልኮ። ባሕር ባለበት አገር ባሕር ዳር ይነሳል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ፣ ጣና ዳርቻ ወይም ቢሾፍቱ። ውሃ በሌለበትም ይነሳል። አሰቦት ሜዳ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ሐዲዱ የሚያይ እረኛ ለዚህ ዓይነት ፎቶ ይበቃል። ከሥሩ የሚጻፈው ቃልም ብዙ አይለያይም፦ “በሐሳብ ባሕር የሰጠመ”፣ “ነገን ናፋቂ”፣ “ተስፋ”።

እረኛውን ቀርቦ “ምን እያየህ ነው?” ያለው ቢኖር ምናልባት ፍየል እየቆጠረ ነበር። ሁለት ጎድለውበት ከግራሩ ወዲያ ይሆኑ እንደሆነ እያማተረ ነበር። ወይም ምንም አላሰበም፤ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ልጅ ዝም ባለ ቁጥር ስለ ድህነቱ ወይም ስለ አገሩ ዕጣ እያሰበ ነው ያለው ማነው? ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ካሜራ ሲጨብጥ ግን ይረሳዋል።

እነዚህ ፎቶዎች ቆንጆ መሆናቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው ያ ዝምታ የማን እንደሆነ ነው። ፎቶው ከተነሳ በኋላስ ወደ ማን ይመለሳል?

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ልጅና ባሕር አንድ ላይ የሚታዩበት የቆየ ቦታ አለ፤ ፎቶ ቤት። በጭሮም፣ ትልልቆቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት፣ እንደ ሌሎቹ የክፍለ ሀገር ከተሞች ፎቶ ቤት ሲባል ትዝ የሚለው መጋረጃ ላይ የተሳለ ሰማያዊ ባሕር፣ ሁለት ዘንባባና ከጎን የቆመ የላስቲክ አበባ ነው። ለአረፋ ወይም ለጥምቀት አዲስ ልብስ የተገዛለት ልጅ እጁን ተይዞ ይመጣል። ፎቶ አንሺው አገጩን ቀና አድርጎ “እንዳትንቀሳቀስ” ይለዋል። ልጁ ደርቆ ይቀራል። አይስቅም፤ ፎቶ ቤት ገብቶ መሳቅ ያኔ ወግ አልነበረም። ከቀናት በኋላ አባት ደረሰኙን ይዞ ሄዶ ፎቶውን ያወጣል። አንዱ በመስታወት ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አንዱ ድሬዳዋ ላለችው አክስት ይላካል፣ አንዱ አልበም ይገባል። እንግዳ ሲመጣ አልበሙ ከቡናው ቀድሞ ይወጣል።

የዛሬ ወጣት እነዚያን ፎቶዎች ሲያይ ይስቃል። ባሕሩ ሥዕል፣ ዘንባባው ሥዕል፣ የልጁ ፊት የወታደር። ይሳቅ እንጂ፣ በዚያ መጋረጃ ፊት የተደረገው ውል ግን እውነተኛ ነበር። ወላጅ ፈቅዶ፣ ከፍሎ፣ መርጦ ያስነሳው ነው። ልጁ ፎቶ እየተነሳ መሆኑን ያውቃል። ፎቶው የሚገባው ቤት ይታወቃል። ፎቶ አንሺውም እዚያው ሰፈር የሚኖር፣ አባትየው ቅር ቢለው ነገ ጠዋት በሩ ላይ የሚቆምበት ሰው ነው።

አሁን ነገሩ ተገላብጧል። ባሕሩ እውነተኛ ነው፣ ብርሃኑ እውነተኛ ነው፣ ልጁም አልደረቀም። ግን ፎቶ መነሳቱን አያውቅም፤ ቢያውቅም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የፎቶው ጥራት ያደገውን ያህል የልጁ ድርሻ ተመናምኗል።

እርግጥ ዝም ያለ ልጅ ፎቶ በራሱ እፎይታ የሆነበት ምክንያት አለ። ዓለም የኢትዮጵያን ሕፃናት ያወቀው በሌላ ዓይነት ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 መሐመድ አሚን በካሜራው፣ ማይክል በርክ በድምፁ ከኮረም ያቀረቡት የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስደንግጧል። እርዳታ መጥቷል፣ ሕይወት ተርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በዚያው ድርቅ የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሞት አፋፍ ላይ ሆና የቀረጿት የትግራይ ሕፃን ብርሃን ወልዱ በሚቀጥለው ዓመት በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ በሙዚቃ ታጅባ ለዓለም ታየች። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አድጋ በለንደኑ ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ቆመች። በሁለቱ መድረኮች መካከል 20 ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊቷ የረሀብ መታወቂያ ሆኖ ሲዞር፣ ሕፃኗ “ይሁን” ወይም “ይቅር” ያለችበት አንድም ቀን አልነበረም።

ከዚያ የባሰም አለ። ኬቨን ካርተር እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ ሱዳን አዮድ ያነሳው፣ አሞራ ከጀርባው ያረፈበት የተጎሳቆለ ሕፃን ፎቶ በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ዓለም ለዓመታት “ያቺ ሴት ልጅ” እያለ ሲያወራ ኖረ። በ2011 አባቱ ነኝ ያለ ሰው ለስፔን ጋዜጠኞች እንደተናገረው ልጁ ወንድ ነበር፤ ከዚያ ቀንም ተርፎ ነበር። ስንት መጽሐፍ፣ ስንት የሥነ ምግባር ክርክር የተጻፈበት ፎቶ፣ በውስጡ ያለው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ሳይታወቅ ነበር የሚዞረው።

ስለዚህ ዝንብ ያልወረረው፣ ያላለቀሰ፣ እጁን ያልዘረጋ ልጅ በፎቶ ሲታይ ደስ ይላል። ሰው ይመስላል። የአገር ውስጥ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ይህን ዓይነት ምስል ሲመርጡ ከዚያ ከአርባ ዓመት የረሀብ አልበም ለመውጣት መሆኑ ይገባል፤ ሊደገፍም ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው ዝምታውን ካነሱ በኋላ በራሳቸው ቃል ሲሞሉት ነው። የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ ማልቀሱ ግልጽ ነው። ዝም ያለ ልጅ ግን ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወሰዳል፤ ያገኘው ሁሉ የመሰለውን ይጽፍበታል። አንዱ ለበጎ አድራጎት ማስታወቂያ፣ አንዱ ለግጥሙ ማድመቂያ፣ አንዱ ለፖለቲካ መፈክር።

ጉዳዩ ከውበት አልፎ የሞት ሽረት የሚሆንበት ሥፍራ ደግሞ አለ። አሰቦት የባቡር መስመር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በዚህችው ሜዳ ላይ፣ በአዋሽና በሚኤሶ መካከል አልፏል። የአሰቦት ልጅ ባሕር አይቶ ባያውቅም ሐዲዱ ወዴት እንደሚወርድ ያውቃል። ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከወሎ የሚነሱ ወጣቶች፣ ከመካከላቸውም ገና ልጅ የሆኑት፣ ወደዚያው ባሕር በእግርም በመኪናም ይወርዳሉ። መድረሻቸው የጅቡቲው ኦቦክ ዳርቻ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ ነው። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዚህ ባሕር አቋርጠው የመን የገቡትን ከ138 ሺህ በላይ አድርጎ መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ጎዶሪያ በሚባለው የጅቡቲ ዳርቻ ሁለት ጀልባ ሰጥሟል። በመጀመሪያው ብቻ ከሞቱት ቢያንስ 38 ሰዎች መካከል ሕፃናት ነበሩ።

የባሕር በር ነገር አጀንዳ ከሆነ ወዲህ “ባሕር” የሚለው ቃል ከስልክ ስልክ ሲዘል ይውላል። ባሕሩን በእግሩ ሄዶ ያገኘው ልጅ ግን በዚያ ወሬ ውስጥ ብዙም የለም። ያለው ፎቶ ውስጥ ነው፤ ኦቦክ አሸዋ ላይ ተቀምጦ፣ ጀልባው የሚመጣበትን ሌሊት እየጠበቀ።

ይህ ፎቶ በአንድ ሀብታም አገር የባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ከሄደ ቤተሰብ ልጅ ፎቶ በአቀማመጥ አይለይም። ያው ጉልበት፣ ያው ውሃ፣ ያው ሩቅ ዓይን። የዚያኛው ፎቶ የሚገባው ቤተሰብ አልበም ነው። የዚህኛው ፊት ግን በስልክ ሲዞር መጀመሪያ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ልጁ መሄዱን ያልነገራት እናት አንድ ማታ የጎረቤት ስልክ ላይ ታየዋለች፤ “በሐሳብ የተዋጠው ታዳጊ” ከሚል ጽሑፍ ጋር። ወይም ደላላ ያየዋል። የመን ላይ ስደተኛ ይዘው ቤተሰብ በስልክ እያስለቀሱ ገንዘብ የሚያስልኩ ሰዎች መኖራቸው በተደጋጋሚ የተዘገበ ነው። ለእነሱ ግልጽ ሆኖ የሚታይ ፊትና የመጣበት ወረዳ ስም ትንሽ ነገር አይደለም።

“እንግዲያው አይነሳ?” የሚል አለ። አይነሳ ማለት ሌላ ግፍ ነው፤ ያልታየ ሞት ለጠያቂ አይመችም። ጥሩ ሆኖ መነሳት እንደሚችል ግን ምሳሌ አለ፣ ያውም በዚያው በጅቡቲ። ጆን ስታንሜየር ያነሳውና የ2013 የዓለም የፕሬስ ፎቶ ተብሎ የተመረጠው ምስል ስደተኞች በጨረቃ ብርሃን ባሕር ዳር ቆመው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ሲዘረጉ ያሳያል። ከጎረቤት ሶማሊያ የሚመጣ ርካሽ ኔትወርክ እየፈለጉ ነው፤ ቤት ለመደወል። ማንነታቸውን የሚያጋልጥ ፊት አይታይም። ፎቶ አንሺው ምን እንደሚያስቡ አልገመተም፤ ምን እያደረጉ እንደሆነ አወቀና ነገረን። ያ ምስል ከብዙ የሚያለቅስ ፊት በላይ ተነግሮለታል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታ አለው፤ ታዋቂ ሰው፣ የሕዝብን ጥቅም የሚነካ ነገር ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ድርጊት ሲሆን ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ጋዜጠኞች የሚጠለሉት እዚህ ሥር ነው፣ በአብዛኛውም ትክክል ናቸው። ሰልፍ የወጣን ሕዝብ አንድ በአንድ “ትፈቅዳለህ?” ማለት አይቻልም። ብቻውን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ሰልፍ አይደለም። ቁጥር 29 ደግሞ ያለ ፈቃዱ ፎቶው የወጣበት ሰው እንዲነሳለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ሕግ ሲጻፍ ፎቶ የሚታየው በፎቶ ቤት መስኮት ነበርና ማንሳት ማለት መስኮቱን ከፍቶ ማውጣት ነበር። ዛሬ ሺህ ቦታ የተላለፈን ፎቶ ማን ከየት ያወርደዋል? ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከፎቶ አንሺዎች የሚሰማው ትልቁ ተቃውሞ “ብጠይቀው ዝምታው ይበላሻል” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ካሜራ ያየ የአሰቦት ልጅ ወይ ይሮጣል ወይ ጓደኞቹን ጠርቶ ይሰለፋል። ጥያቄው ግን የግድ ከማንሳቱ በፊት መሆን የለበትም። አንስቶ፣ ሄዶ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማሳየት ይቻላል። “አቦ፣ ይሄ እኔ ነኝ?” ብሎ ስልኩን ይቀማል። ደስ ካለው ያስታውቃል፤ ካልወደደው ወዲያው ይጠፋል። ታላቅ ወንድም ወይም አባት ቅርብ ካለ እሱም ይጠየቃል፤ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ በሕግ የሚወስነው ወላጅ ወይም ሞግዚት ነውና። በዚያችው ደቂቃ ልጁ ስለ ፍየሎቹ ይናገራል፤ የፎቶው መግለጫም ከአፉ ይገኛል። “ሁለት ፍየል የጠፋችበት እረኛ” ከ“ተስፋ” ይልቅ የሚነበብ ነው፣ ደግሞም ውሸት የለበትም።

ወላጆችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የራስን ልጅ ሐይቅ ዳር አስቀምጦ “ወደዚያ እይ፣ አታይኝ” እያሉ የሐሳብ ፎቶ ማንሳትና በዚያው ምሽት ለማያውቁት ሰው ሁሉ መልቀቅ ተለምዷል። አባት ፈቃጅም አንሺም ሲሆን ለልጁ የሚጠይቅለት የለም።

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሜራ አንግተው የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች ይህን ሁሉ ክርክር ሳያነቡ ይሠሩበታል። “ላንሳችሁ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ እሺ ካሉ ያነሳሉ፣ እንቢ ካሉ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ያልፋሉ። ፎቶው ታትሞ ባለቤቱ እጅ ካልገባ አይከፈላቸውም። ስልክ ገበያቸውን ቀምቷቸዋል፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ደርበዋል። የቀሩት ግን ዛሬም እሑድ እሑድ ውሃው ዳር አሉ።