በሬው ከመሸጡ በፊት

በሀብሩ ወረዳ፣ ደኅና ይሄድ የነበረ የሁለት ዓመት ልጅ መውደቅ ሲጀምር፣ ቀጥሎም አንደበቱ ሲዘጋ፣ ወላጆቹ ጠበሉንም ዱዓውንም ሞክረው ወልድያ ይወጣሉ። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲላኩ መኪናው በመርሳ፣ በገዛ በራፋቸው ያልፋል። ከዚያ አዲስ አበባ። በየማረፊያው አንድ በሬ ይሸጣል። ጎረቤት «ቡዳ ነው» ቢል እኛ ተማሪዎች ልንስቅ አይገባንም፤ ሌላ ስም መቼ ሰጠናቸው?

ስም ግን አለው። እምብዛም ከማይገኙት ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ ይባላል። ከእናትም ከአባትም በሚወረስ ጉድለት አንድ ኤንዛይም ያንሳል፤ ስብ መሰል ነገር ይጠራቀምና የነርቭን ሽፋን ያበላሻል። ሽፋኑ ለነርቭ፣ ላስቲክ ለኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ማለት ነው። የአንጎሉን ጉዳት ኤም አር አይ የተባለው ትልቅ ማግኔት ያሳያል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ሕፃኑም እንዳይነቃነቅ ብዙ ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት ይፈልጋል።

እኛ የምንከራከረው ስለ ሌላው ምርመራ ነው። ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ የለካው የነርቭ ፍጥነት ዛሬ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ ይለካል። ቁርጭምጭሚት ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጥና ጡንቻው እስኪመልስ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ጤነኛው ነርቭ በሴኮንድ 40 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ በዚህ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ይዘገያል። ልጁ ያለቅሳል፣ አንዋሽም። ምርመራው ብቻውን ስሙን አይቆርጥም፤ ማን አዲስ አበባ መላክ እንዳለበት ግን ለመለየት ይረዳል። ለጥቂት ሕፃናት ብቻ ይገዛ የሚል ካለ እኛም አንስማማም፤ ለስኳርና ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞችም ያገለግላል።

«መድኃኒት ለሌለው ሕመም ስሙ ምን ይረባል?» የሚሉን አሉ። መድኃኒቱስ አለ፤ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2024 ተፈቅዷል። የአሜሪካው ዋጋ 4,250,000 ዶላር ነው፤ ያውም በተለይ ምልክቱ ሳይታይ ለተደረሰበት ልጅ። ይሁንና እናቲቱ ኃጢአቷ እንዳልሆነ፣ በሚቀጥለው እርግዝናም ዕጣው ከአራት አንድ መሆኑን ታውቃለች። አባትየውም የቀረውን በሬ ለእርሻ ያቆየዋል።

በጦርነቱ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፣ የተዘረፈው የወልድያ ሆስፒታል ዕቃ ሲተካ ይህ መሣሪያ በዝርዝሩ ይግባ እንላለን። መሣሪያ ያለ ሰው ሣጥን ነው። የነርቭ ሐኪሞች ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚህ አንድ ሐኪም ተልኮ፣ ተመልሶ ወልድያ እንዲሠራ አስቀድሞ ውል ይፈረም።