ከዊንተር ድባቴ ወደ ሞቃት አገር ማምለጥ፦ ጉዞው ምን ይጠቅማል፣ ምንስ አያክምም?

በየዓመቱ ከገና ሰሞን እስከ ጥምቀት ማግስት ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ ከውጭ አገር የመጡ ታካሚዎች ይበዛሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት ለጉንፋን፣ ለሆድ ሕመም ወይም የደም ግፊታቸውን ለመለካት ነው። ወሬ ስንቀጥል ግን ብዙዎቹ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል፦ «ዶክተር፣ እዚያ ዊንተር ሲገባ ሰው አልሆንም። ፀሐይ ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ባለፈው ጥር በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖሩ አንዲት እናት መጥተው ነበር (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ)። ለድባቴ የታዘዘላቸውን መድኃኒት አዲስ አበባ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት አቁመውታል። «እዚህ መጥቼ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። መድኃኒቱን እንዲቀጥሉ መከርኳቸው፤ ፈገግ ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። መጋቢት ላይ ታናሽ እህታቸው ብቻቸውን መጡ። «እህቴ ስልክ አታነሳም። ልጆቿ ከአልጋ አትወርድም ይሉናል። እዚህ እያለች እኮ ስትስቅ ነበር» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእኚህ እህትና በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ላሉ ቤተሰቦች ነው። ወደ ሞቃት አገር መጓዝ ስሜትን በእርግጥ ያነቃቃል፤ ድባቴውን ግን አያድንም። ጉዞው ከሕክምናው ጋር አብሮ ካልታቀደ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ዊንተር ሲገባ ሰውነታችን ምን ይሆናል?

በአገራችን ክረምት ስንል ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ያለውን የዝናብ ጊዜ ማለታችን ነው። የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ዊንተር የሚውለው እኛ በጋ በምንለው ወቅት ሲሆን፣ ለስሜታችን ዋናው ችግር ከቅዝቃዜው ይልቅ የብርሃን እጥረቱ ነው። በታኅሣሥ ወር አጭሩ ቀን በሚኒያፖሊስ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ፣ በስቶክሆልም 6 ሰዓት ገደማ፣ በኦስሎ ደግሞ ከ6 ሰዓት በታች ነው። አዲስ አበባ በዚያው ዕለት ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን ታገኛለች። ጎህ ሳይቀድ ሥራ ገብቶ ከመሸ በኋላ የሚመለስ ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ደግሞ ያችን ጥቂት ብርሃን እንኳ አያያትም።

የጠዋት ብርሃን የሰውነታችንን የጊዜ ቆጣሪ ያስተካክላል። እሱ ሲያንስ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ስሜት ይዛባሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. ዶክተር ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ይህን ሁኔታ «ወቅታዊ ድባቴ» ብለው በሕክምና ጽሑፍ ገለጹት። ዋና ዋና ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ከወትሮው በላይ መተኛት፣ ተኝተውም ድካም አለመልቀቁ
• እንደ ዳቦና ጣፋጭ ያሉ ምግቦችን በጣም መፈለግ፣ ክብደት መጨመር
• ከሰው መራቅ፣ ስልክ አለማንሳት፣ ማኅበርና ለቅሶ መቅረት
• ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ትርጉም ማጣቱ

እነዚህ ምልክቶች ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት በአንድ ወቅት መጥተው በፀደይ የሚጠፉ ከሆነ ሐኪም ወቅታዊ ድባቴን ይጠረጥራል። ስንፍና ወይም የአገር ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ጉዞው የሚሰጠው እፎይታ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

ፀሐይ ወዳለበት አገር የሄደ ታካሚ በቀናት ውስጥ ሊነቃቃ ይችላል። ብርሃኑ ተመልሷል፣ ሥራ የለም፣ ዘመድ ከቦታል፣ ቡናው ይፈላል። ይህ እፎይታ እውነተኛ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ሰውየው ሲመለስ ብርሃኑ አብሮት አይመለስም። በእረፍት ጉዞ ላይ በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእረፍት የሚገኘው የጤናና የደስታ ስሜት ወደ ሥራ በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይደበዝዛል። በጥር መጨረሻ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ኦስሎ የሚመለስ ሰው ደግሞ ገና ብዙ የዊንተር ሳምንታት ይጠብቁታል።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሕክምናው ረዘም ያለ ጥቅም አለው። በአሜሪካ ቬርሞንት 177 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የብርሃን ሕክምናንና በንግግር የሚሰጠውን የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና አወዳድሮ ነበር። በዚያው ዊንተር ሁለቱም በእኩል ደረጃ ረዱ። ከሁለት ዊንተር በኋላ ግን ድባቴው የተመለሰባቸው በንግግር ሕክምናው 27 ከመቶ ያህል፣ በብርሃን ሕክምናው ደግሞ 46 ከመቶ ያህል ነበሩ። ለቲኬት የሚወጣውን ገንዘብ ስናስብ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው። ተበድሮ መጥቶ ዕዳ ይዞ መመለስ ራሱ ለድባቴ መንገድ ይከፍታል። በወረቀት ጉዳይ ወይም በሰላም እጦት መጓዝ የማይችል ሰውም ሕክምናውን ባለበት ሊያገኝ ይችላል።

መድረሻው እንደ ድሮው አይደለም

ብዙ ሰው «ያደግኩበት አገር ነው፣ ምን እሆናለሁ?» ይላል። ሁለት ነገሮች ግን ተለውጠዋል።

የመጀመሪያው የእርስዎ ሰውነት ነው። በልጅነት ከተደጋጋሚ የወባ ሕመም የተገኘ ከፊል መከላከያ ውጭ አገር በቆዩባቸው ዓመታት ይዳከማል። እዚያ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ጨርሶ የላቸውም።

ሁለተኛው ወባው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በኢትዮጵያ ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ወባ አይተላለፍም። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ግን ለወባ የተጋለጡ ናቸው። «በጋ ነው፣ ትንኝ የለም» የሚለው አባባልም እንደ ድሮው አያስተማምንም። አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለችው ወደ አገራችን የገባች ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት እንደነበረች ተረጋግጧል።

ወደ ካሪቢያን ወይም ወደ ላቲን አሜሪካ የባሕር ዳርቻ ለሚሄዱም ስጋቱ አለ። 2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከፍተኛው የደንጊ ትኩሳት ቁጥር የተመዘገበበት ዓመት ነበር፤ አብዛኛው የታየውም በአሜሪካ አህጉር ነው። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትነክሳለች፤ እንደ ወባ የሚያስቀር ክኒንም የለውም።

የድባቴ ታካሚ ማወቅ ያለበት የመድኃኒት ጉዳይ

የወባ መከላከያ ክኒኖች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሜፍሎኩዊን የተባለው ድባቴ፣ ከባድ ጭንቀት ወይም የሥነ አእምሮ ሕመም ላለበት ወይም በቅርብ ለነበረበት ሰው አይሰጥም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. በዚህ መድኃኒት ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። ስለዚህ ክኒን የሚያዝልዎ ሐኪም ድባቴ እንዳለብዎ ማወቅ አለበት። ሐፍረት ይዞዎት አይደብቁት። የጎረቤትን ትርፍ ክኒንም አይውሰዱ።

አቶቫኮን-ፕሮጓኒል (ማላሮን) ሌላ አማራጭ ነው፤ ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ከወባማው ቦታ ከወጡ በኋላ ለ7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ ጥላና ባርኔጣ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚስማማዎ ሐኪም ይወስን።

ሊቲየም የሚወስዱ ከሆነ በሙቀት ማላብ፣ ተቅማጥና ውኃ ማነስ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርሰው ይችላል። ባይፖላር ያለበት ሰው ደግሞ የሰዓት ለውጡና እንቅልፍ ማጣቱ ከመጠን ያለፈ መነቃቃት ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። በአዲስ አበባና በሚኒያፖሊስ መካከል በዊንተር የ9 ሰዓት ልዩነት አለ። ቀንና ሌሊቱ ተገላበጠ ማለት ይቻላል።

የድባቴ መድኃኒትን በድንገት ማቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መበሳጨትና ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ያመጣል። ከሁሉ በላይ ድባቴው በተመለሰ ጊዜ ያለ መከላከያ ያገኝዎታል።

ጉዞውን እንዴት ያቅዱት?

• በመስከረምና በጥቅምት፦ ባለፉት ዓመታት ዊንተር የሚከብድዎ ከሆነ ምልክቱ ሳይበረታ ሐኪም ያነጋግሩ። የብርሃን ሕክምና በአብዛኛው 10,000 ሉክስ በሚሰጥ መብራት፣ ጠዋት እንደነቁ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል ይደረጋል። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር ካለብዎ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።
• ከጉዞው 4 እስከ 6 ሳምንት በፊት፦ የጉዞ ክትባትና የወባ መከላከያ ያማክሩ። ለመላው ጉዞና ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት በእጅ ሻንጣዎ ከማዘዣው ጋር ይያዙ።
• እዚያ ሳሉ፦ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ። ጠዋት ወጥተው ይራመዱ። ምሽት ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ፣ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሂዱ።
• ከመመለስዎ በፊት፦ ከተመለሱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። ከተቻለ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ሁለት የእረፍት ቀን ያስቀሩ፤ የብርሃን ሕክምናውን መቼ እንደሚቀጥሉም አስቀድመው ይጠይቁ።

ቫይታሚን ዲ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጠቆር ያለ ቆዳ በሰሜን አገሮች ዊንተር በቂ ቫይታሚን ዲ ለማምረት ይቸገራል፤ እጥረት ካለ መተካት ለአጥንትና ለጡንቻ ይጠቅማል። የድባቴ ሕክምናን ግን አይተካም።

ለቤተሰብ

እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ይደምቃል፤ እንግዳውም ደስተኛ መስሎ መታየት ግዴታው ይመስለዋል። ስለዚህ ሳቁን ብቻ አይመልከቱ። «እንዴት ነው እንቅልፍህ?»፣ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ከሸኙ በኋላ መደወል ነው። በተለይ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየሁለት በሦስት ቀኑ ድምፃቸውን ይስሙ።

በአስቸኳይ ሐኪም ጋር የሚያስሄዱ ምልክቶች

• ከጉዞ ከተመለሱ በኋላ ባሉት 3 ወራት ውስጥ ማንኛውም ትኩሳት። የት እንደነበሩ ተናግረው የወባ ምርመራ በዚያው ዕለት ይጠይቁ። ደንጊ ከተጠረጠረ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል።
• «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ንግግር ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ። በአሜሪካና በካናዳ 988 መደወል ይቻላል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ብቻቸውንም አይተዉ።

የሚኒሶታዋ እናት ወደ ሐኪማቸው ተመልሰዋል። ታናሽ እህታቸው በየቀኑ እየደወሉ ነበር፤ ልጆቻቸውም ቀጠሮ አስያዙላቸው። ለሚቀጥለው ጥምቀት ሊመጡ እያሰቡ ነው። ይምጡ፤ እኛም ደስ ይለናል። በዚህኛው ጉዞ ግን መድኃኒቱም በሻንጣቸው አብሮ እንዲመጣ፣ የመመለሻ ሳምንታቸው ቀጠሮም ከቲኬቱ ጋር እንዲያዝ ከእህታቸው ጋር ተነጋግረናል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ ስለራስዎ ሁኔታ ሐኪምዎን ያማክሩ።