እርጅናን የሕመም መሸፈኛ አናድርገው

የዓለም ሕዝብ ዕድሜው እየገፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2030 ከስድስት ሰዎች አንዱ 60 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ይሆናል። ጉዳዩ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። ብዙ እኅቶቻችን በሚሠሩበት ቤት አዛውንትን ይንከባከባሉ፤ በአገር ቤት ደግሞ የራሳቸው እናትና አባት እያረጁ ነው።

በዚህም በዚያም ቤት «እርጅና ነው» የሚል ቃል ይሰማል። ቃሉ ለማጽናናት ቢነገርም፣ ሊታከም የሚችለውን ሕመም ብዙ ጊዜ ይሸፍናል።

ሰውነት በዕድሜ መለወጡ እውነት ነው። ጡንቻ ይደክማል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ኩላሊት መድኃኒትን የማስወገድ ኃይሉ ይቀንሳል። የጥም ስሜትም ስለሚቀንስ፣ አዛውንቱ ሰውነታቸው ውኃ እያነሰው እንኳ ላይጠማቸው ይችላል። በአካባቢያችን የበጋ ሐሩር «ውኃ ላምጣ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ሳይጠየቁ በየሰዓቱ ማቅረብ ይገባል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ከሁሉ በላይ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ እርጅና ቀስ በቀስ ይመጣል እንጂ በአንድ ሌሊት አይደርስም። ትናንት ልጆቻቸውን በየስማቸው ይጠሩ የነበሩ አባት ዛሬ ቀንና ሌሊቱ ከተምታታባቸው፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ወይም ያለ ልማዳቸው እንቅልፍ ከተጫናቸው፣ ምክንያቱ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በአዛውንት ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊከሠት ስለሚችል፣ ገላቸው አልጋለም ብሎ መዘናጋት አይገባም። እንዲህ ያለው ለውጥ በዚያው ቀን በሐኪም መታየት አለበት። ፊት ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ በድንገት ከዛለ ግን አምቡላንስ መጥራት እንጂ መጠባበቅ አያስፈልግም።

መውደቅም እንዲሁ ነው። ከአልጋ ሲነሡ ጥቂት ቁጭ ብለው ቢቆዩ፣ ሌሊት መብራት ቢበራ፣ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ቢነሣ ብዙ ስብራት ይቀራል። የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፈው በየቀጠሮው ለሐኪም ይቅረቡ። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አዛውንትም ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ መጾም ይችሉ እንደሆነና የመድኃኒታቸው ሰዓት እንዴት እንደሚስተካከል ከሐኪማቸው ጋር ይምከሩ።

እነዚህን ለውጦች አስቀድማ የምታየው ቀን ከሌት አብራቸው የምትውለው ተንከባካቢ ናት። ምን ያህል እንደበሉ፣ መቼ እንደተደናገሩ የምታውቀው እርስዋ ናትና ቃልዋ ሊሰማ፣ ሐኪም ዘንድም አብራ ልትቀርብ ይገባል። እርስዋም ያየችውን ከነሰዓቱ ትናገር፤ የአሠሪዎችን ፊት ፈርቶ ዝም ማለት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ወደ አገር ቤት ስንደውልም «ደኅና ናቸው ወይ?» ብለን አንብቃ። ምን በሉ? ወድቀው ነበር? የትኛውን መድኃኒት አቋረጡ? ብለን እንጠይቅ። ምርቃታቸውን የምንሻ ልጆች፣ ሕመማቸውን «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው።